ኮፈን ሥር ያለው ሞንታርቦ

መኪናዋ ጃፓን አገር ስታገለግል ኖራ ነው ነገሌ የደረሰችው። እኔና ወንድሜ ተጋግዘን ስንገዛት ቁልፍ የማይጠመዘዝባት፣ በጣት ተጭነህ የምታስነሳት፣ ወደ ኋላ ስትሄድ የኋላዋን በስክሪን የምታሳይ ዘመናይ ነበረች። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች እየመጡ ማስነሻዋን ይነካኩና "ኧረ ተው!" ይሉ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ አማርኛም ኦሮምኛም አትችልም። ሞተሯ ሲነሳ ከቴፑ ውስጥ አንዲት ሴት በጃፓንኛ ለስለስ አድርጋ ታወራለች፤ ሲጠፋ ደግሞ ትሰናበታለች። ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ ስትነካው ሌላ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ሬዲዮኑም ዘጠና ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የኛ ጣቢያዎች ያሉት ከዚያ በላይ ነው፤ ጃፓኖች ከዘጠና በላይ ወሬ የላቸውም መሰለኝ።

ይህንንም ችዬ እኖር ነበር። ከነገሌ እስከ ወደራ እያፏጨሁ መንዳት አያቅተኝም። ጉዱን ያመጣው ሽምግልናው ነው።

ወደራ የምወዳት ልጅ ነበረችኝ፤ ነርስ ናት። አባቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህችው ከአንድ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ጸጥታ ይወዳሉ። በሥራ ዘመናቸው አንዲት የሎተሪ መኪና ሞንታርቦዋን እያስጮኸች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብትቆም፣ ማስመሪያቸውን እንደያዙ መንገዱ መሃል ወጥተው፣ መኪናዋ ዞራ እስክትሄድ ድረስ ንቅንቅ እንዳላሉ ወደራ ውስጥ ያልሰማ የለም።

ሽማግሌዎቼ እኚህ ሰው ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቴም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። መጀመሪያ "ልጄ ገና ናት" አሏቸው። ገና! እኩዮቿ እኮ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል። ቀጥሎ "ከዘመድ ልምከርበት" አሏቸው። ወደራ ውስጥ ያላቸው ዘመድ አንዲት ድመት ናት። የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ አጎቴ ናቸው፤ ነገሌ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሳቸው ደግሞ ደንበኛን አጥብቆ መለመን አይወዱም። "አሁን ሄጄ እምቢ ካለኝ" አሉኝ፣ "ወይ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ፣ ወይ ሌላ ልጅ ፈልግ።" ሌላ ልጅ ፈልግ! ደሜ ፈላ፤ ግን አጎት ናቸው፣ ምን እላለሁ?

ከልጅቷም ጋር ተኮራርፈናል። እሷ "ከተጋባን ወደራ ነው የምንኖረው" ትላለች። እኔ ደግሞ ነገሌ የስልክና የሶላር ዕቃ ሱቅ አለኝ። "ሱቄን በጀርባዬ አዝዬ ልምጣልሽ?" አልኳት። ለምን ወደራ እንደምትል አልነገረችኝም፤ እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልጠየቅኳትም። ያን ሰሞን የስልክ ወሬያችን "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ሆኖ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ዋናው የአባቴ የድሮ ጓደኛ የሆኑት የጉጂ ሰው ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም "አባባ" ነው የምንላቸው። ጆሯቸው ከበድ ይላል። ባለፈው ጉዞ ቴፑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በጃፓንኛ ስትናገር "ናጋ" ብለው መለሱላት። ሰላምታ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው አሉ። "አካም? ጆሌን ናጋ? ሎን ናጋ?" እያሉ ልጆቿም ከብቶቿም ደህና መሆናቸውን ጠየቋት። ሴትዮዋ ዝም ስትላቸው ግን ከፋቸው። "ይቺ መኪና ሰው አታከብርም" አሉኝ። "ዜናም የላትም። የልጅ ጥያቄ ይዤ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የአገር ወሬ መስጠት አለብኝ። ዝናብ የት ዘነበ ቢለኝ ምን እላለሁ? እንደ ሌባ ዘልዬ ልጅህን ስጠኝ ልበለው?" እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ዘንድ እንግዳ ወሬ ሳያካፍል ወደ ጉዳዩ አይገባም። "ቴፑን ካልቀየርክ አልሄድም" ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ዳይሬክተሩ ከሁሉም የሚያከብሩት እሳቸውን ስለሆነ፣ እሳቸው ከቀሩ ሽምግልናው ባዶ ነው።

ነገሌ ውስጥ የመኪና ቴፕ የሚገጥም ሞልቷል፤ እኔ እግር ጥሎኝ የሄድኩት ከሁሉም ጮክ ብሎ የሚያወራው ጋ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን የፈጀው የሎተሪ መኪና፣ የክትባት ዘመቻ መኪና፣ የጠፋ ግመል የሚያፈላልግ መኪና ላይ ሞንታርቦ ሲያስር ነው። ለሱ የመኪና ድምፅ ማለት ወደ ውጭ የሚወጣ ድምፅ ነው። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚዘፍን ቴፕ ንፉግነት ይመስለዋል።

ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ሰፊ ስክሪን ሰጠሁትና አጠገቡ ቆምኩ። የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ በማንኪያ እጀታ ሲፈለቅቅ፣ ቷ! ባለ ቁጥር የኔ ጥርስ የተነቀለ ይመስለኝ ነበር። የፋብሪካው ቴፕ ሲወጣ ከኋላው የተጎለጎለው የገመድ ብዛት ጉድ ነው። "ይሄን ሁሉ ምን ያደርጉበታል?" አለና ፒንሳውን አነሳ።

"ኧረ ባክህ አትቁረጥ! ከስክሪኑ ጋር ማገናኛ ሶኬት መጥቷል፣ መሰካት ብቻ ነው…"

ሳልጨርስ ቀጭ አደረገው። "ሶኬት ይላላል" አለኝ፤ "የኔ ቋጠሮ አይላላም።"

ከዚያ ገመዶቹን እየላጠ፣ እየጠመዘዘ፣ በፕላስተር እየጠቀለለ ቀጠለ። ሶላር ስለምሸጥ ገመድ ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። "ይሄኛው መኪናዋ ስትጠፋ አብሮ መጥፋት አለበት" ስለው፣ "ሙዚቃ እየሰማህ መኪና ብታጠፋስ? ይቋረጥብህ?" ብሎ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አሰረው። መጀመሪያ ስንሞክራት ፍሬን ስረግጥ ቴፑ ይጠፋል። አስተካከለው። አሁን ደግሞ ፍሬን ስረግጥ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። "ምን አለበት፣ መስታወቱ ይጸዳልሃል" አለኝ። አንገቱን አንቀው አንቀው አለኝ። በመጨረሻ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ የተረፈው ጥቂት ብሎን ብቻ ነው። "ፋብሪካ አብዝቶ ማሰር ይወዳል" አለና ኪሱ ከተተው።

አንድ ነገር አልክድም፤ ድምፁ ማር ነበር። ሬዲዮኑ ጥርት ብሎ ኦሮምኛ ዜና ሲያነብ በደስታ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት። እሱ ግን አልጨረሰም። ስልኬን ከስክሪኑ ጋር አገናኘና "ከእንግዲህ ሲደወልልህ ራሷ ታነሳለች፤ እጅህ ከመሪው አይነሳም" አለኝ። ቀጥሎ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት ወሰደኝና ኮፈኑን ከፈተ። እዚያ፣ ከራዲያተሩ አጠገብ፣ አፉን ወደ መንገድ ያዞረ ግራጫ ሞንታርቦ ታስሯል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የኔ ምርቃት! ልትሞሸር አይደል? የሠርግህ ቀን ከተማው በሙሉ ይስማልህ። ማብሪያዋ ከቴፑ ሥር ያለችው ትንሿ ናት። ቀኑ እስኪደርስ አትንካት።"

መጀመሪያ ልጅቷን ይስጡኝ እንጂ! አውልቅልኝ ልለው አሰብኩና የዝናብ መጥረጊያው ትዝ አለኝ። ጉዞው ነገ ነው፤ ይህ ሰው ፈትቶ ሲገጥም ደግሞ ምን እንደሚያስነሳብኝ አይታወቅም። ተውኩት።

በማግስቱ የሚነዳው ወንድሜ ነበር፤ ወባ ጥሎት አደረ። ሙሽራ ሊሆን የሚፈልግ ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ትልቅ ነውር ነው። አጎቴ ግን "የሰው ሹፌር ገበናችንን ገበያ ያወጣዋል" አሉ። ስለዚህ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ከመኪና እንዳልወርድ ምዬ ተገዝቼ መሪውን ያዝኩ። አባባ ከፊት፣ አጎቴና የንስሐ አባታችን ከኋላ ተቀመጡ።

ጉዞው ሰላም ነበር። አባባ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈው ዝናቡንም፣ የከብት ዋጋውንም፣ የሩቅ አገር ጦርነቱንም ሰበሰቡ። ግመሎች መንገድ ዘግተውብን ስንቆም ግን "አልሰማም፣ ጨምርበት" እያሉ ቴፑን መነካካት ጀመሩ።

"አባባ፣ ይቺን ትንሿን አይንኩ!"

"ምን?"

"አይንኩ!"

"ናጋ ነው፣ ናጋ ነው" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ወደራ ደርሰን ከግቢው አጥር ውጭ ግራር ሥር አቆምኩ። ልጅቷ እንደ ደንቡ ጎረቤት ቤት ሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ቀረሁ። ኡፍ፣ ያ ጥበቃ! ከመቀመጫው ወደ ታች ተንሸራትቼ በሩን ብቻ አያለሁ።

ሲወጡ የአጎቴን ፊት ከሩቅ አየሁት። ገበያ ውሎ አንድ ክንድ ጨርቅ ያልሸጠ ሰው ፊት ነው። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየሸኟቸው ነው፤ ጨዋ ስለሆኑ እምቢ ያሉትን እንግዳ እንኳ እስከ መኪናው በር ያደርሳሉ። አባባ ብቻቸውን ፈገግ ብለው "ናጋ፣ ናጋ፣ ዋቃ ይስጥልን" እያሉ ይመርቃሉ። ቤት ውስጥ ከተባለው አንድም አልሰሙም። ሞተር አስነሳሁ። አጎቴ ከኋላዬ ሲገቡ ጎንበስ ብለው "አበቃ ልጄ" አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ለምን እዋሻለሁ? አልቅሼ ነበር፤ ኮፍያው ደበቀልኝ።

አባባ ፊት ወንበር ላይ ተደላድለው "እስቲ ዜናውን" አሉ፤ ያቺን ትንሽ ማብሪያም ጠቅ አደረጓት። ቀይ መብራት በራች። "አይ…" ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ።

ጠራ ብቻ ይበቃዋል? ከኮፈኑ ሥር እንደ መለከት አገሩን አናወጠው! ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ውሻ ሁሉ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ "ጎሚስታ ወደራ" የሚል ስም ወጣ። ወንድሜ ስልኬን ስለሚጎረጉር ልጅቷን የመዘገብኳት ጎማ ጠጋኝ አስመስዬ ነው። ቀዩን ምልክት ልጫን ስል ላብ ያጠመቀው ጣቴ አንሸራትቶኝ የኋላ ካሜራው ተከፈተ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ሞተሩ ጠፋ፣ ቴፑ ግን እንደበራ ነው። ከባትሪ ጋር የታሰረው ቋጠሮ አልላላም! ያ ጉደኛ እንዳለው፣ መኪናዋ ራሷ ስልኩን አነሳች።

"ሄሎ፣ ወጡ?" አለ ሞንታርቦው በልጅቷ ድምፅ። "እምቢ አለ፣ አይደል? አውቄዋለሁ። ስማኝ፣ እንዳታቋርጠኝ፤ ተኮራርፈንም ቢሆን ይሄን ልንገርህ።"

ወደ ማብሪያዋ ተወረወርኩ። አባባ በጣታቸው ከልለዋታል። ከስንት ዓመት በኋላ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ቢሰማቸው ፊታቸው በርቷል። "ተው! ልስማበት!" ብለው እጄን ያዙት። የሽማግሌ እጅ ልጠምዝዝ?

"አባዬ እኮ አንተን ጠልቶህ አይደለም" አለ ሞንታርቦው። "ብቻውን መብላት አይችልም። እማዬ ከሞተች ጀምሮ እኔ ካልመጣሁ እራት አይቀምስም። ተረኛ ሆኜ ሳመሽ ሁለቱን ሳህን አውጥቶ፣ የኔን ከድኖ ቁጭ ይላል። ስመጣ ደግሞ 'አልራበኝም ነበር' ይለኛል። ለሥልጠና ሻኪሶ ሄጄ ስመለስ ሱሪው አልቆም ብሎት በገመድ አስሮት አገኘሁት። ወደራ እንኑር ያልኩህ ለዚህ ነው፤ የአባቴን ገበና ማውራት አፍሬ ነው ዝም ያልኩህ። እወድሃለሁ። ግን ባዶ ገበታ ላይ ትቼው አልወጣም። ሱቅህ ከበለጠብህ ቁርጤን ንገረኝ።"

ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አጥሩ ላይ የሰው ጭንቅላት ተደርድሯል። ከማዶ ሻይ ቤት ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ወጥተዋል። የንስሐ አባታችን "በስመ አብ" ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ዳይሬክተሩ ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል። የሎተሪ መኪና ያባረሩ ሰው፣ የገዛ ገበታቸው በሞንታርቦ ተነገረባቸው። በዚያች ሰዓት ያዘንኩት ለራሴ ሳይሆን ለሳቸው ነው።

"ቆይ እስቲ" አለ ሞንታርቦው። "ይሄ በመስኮት የምሰማው የራሴ ድምፅ ነው?"

ዳይሬክተሩ ቀስ ብለው መጥተው በአባባ መስኮት ጎንበስ አሉ። "ልጄ" አሉ ወደ ስክሪኑ።

"አባዬ?! አንተ እዚያ ምን ታደርጋለህ?"

"እንግዳ እየሸኘሁ ነዋ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማነው ብቻውን መብላት የማይችለው? ሻኪሶ የሄድሽ ጊዜ በልቻለሁ።"

"ለድመቷ ነው የሰጠኸው!"

"እውነቷን ነው!" አለች አንዲት ጎረቤት ከአጥሩ ላይ። "በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ጋሼ!"

ሰፈሩ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። ወደኔ ዞሩ። "አንተ ሹፌሩ፣ ኮፍያህን አውልቅ።"

አወለቅኩ።

"ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።"

"እኔም ሰማሁ። ወደራም ሰማ። ታዲያ ምን ትላለህ?"

ከሞንታርቦው የሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሱቄ ትዝ አለኝ፤ መደርደሪያውን በእጄ ነው የሠራሁት። ደንበኞቼ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ግን ያ የተከደነ ሳህን ትዝ አለኝና ሌላው ሁሉ ከሐሳቤ ወጣ።

"ሱቅ ወደራም ይከፈታል፣ ጋሼ" አልኩ። "ሦስተኛ ሳህን ካለ።"

ከኮፈኑ ሥር ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ወጣ። ሻይ ቤቱ እልል አለ። አባባ ዞረው አጎቴን "ዱጋ፣ እውነት! አሁን ሰማሁ! ለካ ቅድም እምቢ ብሎን ነበር እንዴ?" አሏቸው።

"አንቱ ደግሞ፣ ሲመርቁ አልነበር?" አሉ አጎቴ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

ዳይሬክተሩ የመኪናውን በር ከፈቱ። "ውረዱ፣ ግቡ። ምሳ ሳትበሉ የትም አትሄዱም። አንተም ግባ፣ ሹፌሩ።" ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አነበቡ። "ጎሚስታ ወደራ? ልጄን ጎሚስታ ያደረግካት አንተ ነህ?"

ተጋባን፤ ሱቄንም ወደራ አዛወርኩ። የሠርጋችን ቀን ሞንታርቦው የተገጠመበትን ሥራ ሠራ። ከሠርጉ በኋላ ሊነቀል ይገባዋል ብዬ ፒንሳ ይዤ ኮፈኑን ስከፍት አማቼ ከበረንዳ አዩኝ። "ተወው" አሉኝ። "ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?" ብላቸው "ተወው አልኩህ" ብለው ገቡ።

ምን እንደሚያደርግላቸው ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳቸው ከመውረዳቸው በፊት ያቺን ትንሽ ማብሪያ ጠቅ ያደርጓታል። መኪናዋን፣ ማብሪያዋን ሳልነካ፣ ሱቄ ደጃፍ አቆማለሁ። ስንት ባትሪ እንደገደለችብኝ እኔ ነኝ የማውቅ። ሚስቴ ተረኛ በሆነችበት ቀን ገበያ ደርቶልኝ ካመሸሁ፣ ስልኬ ይጠራል፤ መኪናዋም ራሷ ታነሳለች። የዳይሬክተሩ ድምፅ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፦

"እራት ቀርቧል። ሳህንህን ከድኜዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ማን ዕቃ ይገዛኛል? ደንበኛው ሁሉ ያነሳውን ዕቃ መልሶ ያስቀምጥና በሩን ያሳየኛል። "ሂድ እንጂ" ይሉኛል፤ "ጋሼ ሳይበሉ እየጠበቁህ ነው።"